ባቡሩን የሚያቆመው ምንድን ነው?

ከሰበታ የተነሣ ጭነት ባቡር ሜዳ ላይ ደርሶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው እንበል። ነጂው ኤሌክትሪኩን ያጠፋል፤ ፍሬን ግን አይነካም። ባቡሩ ከምን ያህል ርቀት በኋላ ይቆማል? ይህን የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ መቶ ሜትር ወይም ሁለት መቶ ሜትር ይላል፤ ደፋር የሆነ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይላል። ግምቱ የመጣበት ቦታ ግልጽ ነው። ሁላችንም ያደግነው የሚገፋው ሲያጣ የሚቆም ነገር እያየን ነው። ፈረሱ ሲቆም ጋሪው ይቆማል፤ የተመታች ኳስ ሣሩ ላይ ጥቂት ተንከባልላ ትተኛለች። ባቡሩ ግን የአየሩን ተቃውሞ ለጊዜው ከተውነው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል።

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ከባቡሩ ክብደት ከሺህ ሁለት እጅ ገደማ ነው። ባቡሩ ከነጭነቱ 3000 ቶን ቢመዝን ወደ ኋላ የሚጎትተው ጉልበት ከ6 ቶን ዕቃ ክብደት አይበልጥም ማለት ነው። ይህን ለሚያህል ግዙፍ ነገር 6 ቶን ኢምንት ነው፤ የባቡሩን ፍጥነት የሚቀንሰው በእያንዳንዱ ሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ነው። 22 ሜትሩን በ2 ሴንቲ ሜትር እየቀነሱ እስኪያልቅ ድረስ 18 ደቂቃ ይፈጃል። አየሩ ሲጨመርበት ርቀቱ ያጥራል፤ ያም ሆኖ ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

ባቡራችን የሚሄድበት መስመር የኢትዮጵያና የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል ጫፉ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያለችው ሰበታ ናት። ለዚህ ምዕራፍ የመረጥኩት ስለ እንቅስቃሴ ሊገባን የሚገባውን ትልቁን ነገር ከማንኛውም ሌላ ማሽን ይልቅ ስለሚያሳይ ነው። ነገሩም ይህ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር መንቀሳቀሱን እንዲቀጥል ምንም ምክንያት አያስፈልገውም። ምክንያት የሚያስፈልገው ለመፍጠን፣ ለመዘግየት፣ አቅጣጫ ለመለወጥ፣ ለመቆም ነው። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ ባቡሩን ምን ያስኬደዋል የሚለው ሳይሆን ምን ያቆመዋል የሚለው ነው።

ይህ የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ለፈተና ይጽፈዋል፤ ከክፍል ሲወጣ ግን በልቡ የሚያምነው አርስቶትልን ነው። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የሚንቀሳቀስ ሁሉ አንቀሳቃሽ ይሻል ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱም ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቆየ። የቆየበትን ምክንያት መረዳት አያዳግትም፤ በዓይን የሚታየው ሁሉ ይመሰክርለታል። ጋሊሊዮ ያደረገው ከሚታየው አንድ እርምጃ አልፎ ማሰብ ነበር። ኳስ በአንድ ቁልቁለት ለቀቀና ፊት ለፊቱ ያለውን ዳገት እንዴት እንደምትወጣ አየ። ኳሷ የተነሣችበትን ከፍታ ያህል ለመድረስ ትቃረባለች። ዳገቱን ባላላው ቁጥር ያንኑ ከፍታ ለማግኘት ራቅ ብላ ትሄዳለች። ታዲያ ዳገቱ ጭራሽ ሜዳ ቢሆንስ? የምትፈልገውን ከፍታ መቼም አታገኝም፤ ስለዚህ መቼም አትቆምም። ጋሊሊዮ ይህን በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል፤ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ሕግ አደረገው። ኳሷን የሚያቆማት ሰበቃ ነው። ሰበቃ በየቦታው ስላለ የእንቅስቃሴ ባሕርይ መሰለን እንጂ ከውጭ የሚመጣ ጉልበት ነው።

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይህን ሕግ ሰውነታችን በየቀኑ ይማረዋል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት እንወረወራለን፤ አንድ ነገር ከኋላ የገፋን ይመስለናል። ማንም አልገፋንም። መኪናው ቆመ፤ እኛ ግን ስንሄድበት በነበረው ፍጥነት መሄዳችንን ቀጠልን፤ ያቆመን የፊተኛው ወንበር ነው። ወንበሩ ባይኖር የሚያቆመን መስታወቱ ነበር። የደኅንነት ቀበቶ የተሠራው ያንን የማቆም ሥራ በሰፊው ደረታችን ላይ፣ ረዘም ባለ ጊዜ እንዲሠራ ነው። ቀበቶ ማሰር የፖሊስ ትእዛዝ ብቻ የሚመስለው ሰው የኒውተንን ሕግ ገና ከመኪና ጋር አላገናኘውም፤ ይህ ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ክፍተት ስለሆነ መምህራን ሕጉን በዚህ ምሳሌ ቢጀምሩት እመርጣለሁ።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሊመለስ ይገባዋል። ለመቀጠል ጉልበት ካላስፈለገ ሯጭ ለምን ይደክማል? ከእንጦጦ ማዶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የሱሉልታ ሜዳ ማለዳ ማለዳ የሚሮጡትን ማየት ይበቃል። እዚያው ሱሉልታ የመሮጫ መም ያሠራው ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.3 ሜትር ነበር። ፍጥነቱ ከዙር ዙር ብዙም ካልተለዋወጠ፣ ጉልበቱ የት ገባ?

መልሱ ሯጭ ጎማ የሌለው መሆኑ ላይ ነው። እግር መሬት ባረፈ ቁጥር ሰውነትን በመጠኑ ወደ ኋላ ይገታል፤ ከዚያ ያንኑ እግር ገፍቶ የጠፋውን ፍጥነት መመለስ አለበት። ሰውነት በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ላይ ይነሣል፤ ይወርዳል። እግሮቹ ራሳቸው ከኋላ ወደ ፊት ይወነጨፋሉ፤ ይቆማሉ፤ እንደገና ይወነጨፋሉ። ከሩቅ ሲታይ እኩል የሚፈስ የሚመስለው ሩጫ በቅርብ ሲታይ በሺህ የሚቆጠር መግታትና መግፋት ነው። በዚህ ላይ አየሩ አለ። በዚያ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው በባሕር ጠለል ላይ 12 ኒውተን ገደማ የአየር ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ በሱሉልታ አየሩ በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ተቃውሞው ወደ 9 ይወርዳል። ሱሉልታ ላይ መሮጥ የሚከብደው አየሩ ስለሚገፋ ሳይሆን ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ነው፤ ይህ የሥነ ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ሕጉ ግን አልተነካም። ቀነኒሳ የሚደክመው መንቀሳቀሱን ለመቀጠል ሳይሆን ደጋግመው የሚያቆሙትን ነገሮች ለመቋቋም ነው።

ወደ ባቡሩ እንመለስ፤ የዚህ መስመር ትልቁ ነገር ገና አልተነገረም። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ባሕር ዳርቻ ነው። 2300 ሜትሩን ለ750 ኪሎ ሜትር ብናከፋፍለው በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ 3 ሜትር ቁልቁለት ይሆናል። የብረቱ ሰበቃ ደግሞ ከሺህ ሁለት እጅ ነው ብለናል፤ በሌላ አነጋገር በየኪሎ ሜትሩ 2 ሜትር ቁልቁለት ይበላል። ከሦስቱ ሁለቱን ሰበቃ ወሰደ፤ አንዱ ተረፈ። ስለዚህ በዚህ አማካይ ቁልቁለት ላይ ባቡር ዝግ ባለ ፍጥነት በራሱ መንከባለል ይችላል። ያንኑ ቁልቁለት ለጭነት መኪና ብንሰጠውስ? የላስቲክ ጎማ አስፋልት ላይ ሲንከባለል ይጨመቃል፤ ይለጠጣል፤ ይሞቃል፤ በየኪሎ ሜትሩ ከ6 እስከ 10 ሜትር ቁልቁለት ይፈልጋል። ሲኖ ትራኩ ሞተሩ ከጠፋ ንቅንቅ አይልም። ሐዲድ ለከባድ ጭነት የተመረጠበት ምክንያት በእነዚህ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አለ።

እርግጥ ነው እውነተኛው መንገድ እኩል ቁልቁለት አይደለም፤ ከአዋሽ በኋላ እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ከአማካዩ እጥፍ ድርብ ነው። ሽቅቡ ነው ዋጋ የሚያስከፍለው። ከ100 ሜትር 1 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 3000 ቶኑ ባቡር ከሰበቃው 6 ቶን በተጨማሪ 30 ቶን ወደ ኋላ ይጎተታል። ኢትዮጵያ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው በክብደት እጅግ ይበልጣል፤ ነዳጁ፣ ማዳበሪያው፣ ብረቱ፣ ስንዴው ሁሉ ወደ ላይ የሚመጣ ነው። የደጋ አገር መሆናችን በንግዳችን ላይ የጣለው ሸክም እንዲህ በቶን ሊቆጠር ይችላል።

ሰበቃ ባይኖር፣ አየርም ባይኖር፣ ፍሬን ባይያዝ ከሰበታ የተለቀቀ ፉርጎ ባሕሩ ጋ የሚደርሰው በምን ፍጥነት ይሆን? በሰዓት ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ። ባዶውም ሙሉውም እኩል ይደርሳሉ፤ መጠነ ቁሱ ሲጨምር ስበቱም እንቢታውም በዚያው ልክ ስለሚጨምር በሒሳቡ ውስጥ ይጣፋሉ። ከዚያ ከፍታ የሚወርድ እያንዳንዱ ቶን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ኢነርጂ ይለቃል፤ ይህ ኢነርጂ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ወደ ጄነሬተርነት ቀይሮ ከፊሉን ወደ ሽቦው መመለስ ይችላል፤ የሚወርደው የሚወጣውን ያግዘዋል ማለት ነው።

መኪና ግን ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሱሉልታን መንገድ ይዞ ወደ ጎጃም የሚሄድ 40 ቶን ተሳቢ ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1300 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ኢነርጂ ከ1500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ ፍሬን ላይ ብቻ የጣለ ሾፌር ሸራውን ያቃጥላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ከአፋፉ ጀምሮ በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ለዚህ ነው፤ ሙቀቱን ሞተሩ እንዲካፈል ያደርጋሉ። ፍሬን እምቢ አለ የሚባለው አደጋ ዕጣ ፈንታ ሆኖ ሲነገር እሰማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል ሙቀት ነው።

ባቡሩ በቀላሉ እንዲንከባለል የሚያደርገው የብረት በብረት ላይ መሄድ ለማቆም ሲፈለግ ጠላት ይሆናል። አስፋልት ላይ ጎማ የሚያገኘውን መያዣ ብረት ሐዲድ ላይ አያገኝም፤ ነጂው ሙሉ ፍሬን ቢይዝም ከባድ ባቡር ለመቆም ብዙ መቶ ሜትሮች፣ አንዳንዴም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጅበታል። ደግሞም የማቆሚያ ርቀት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር የወጣ ነጂ ለማቆም አራት እጥፍ ሐዲድ ያስፈልገዋል። መስመሩ በሚያልፍባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች ግመሎችና ከብቶች እየተገጩ መሞታቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ግመል እንደ ሀብት በሚቆጠርበት አገር ይህ ቀላል ሐዘን አይደለም፤ ነጂው እያየ ገጨ የሚል ቂምም ይወልዳል። ነጂው አይቷል፤ 300 ሜትር ላይ ያየውን ግን ማዳን አይችልም። ይህንን ለአርብቶ አደሩ በቋንቋው ማስረዳት፣ አጥሩንና መሻገሪያውን ከመሥራት እኩል አስፈላጊ ይመስለኛል።

አሁን ሰበቃን ጭራሽ ወደ ተውንበት ቦታ እንውጣ። በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል በቆመው እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የያዘ የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ ትልክ የነበረውም ወደ እንጦጦ ነው። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ይህች ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰማይ ተተኮሰች፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች በ97 ደቂቃ ገደማ ምድርን ትዞር ጀመር። የሚገፋት ሞተር የለም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ስበት የሌለ ይመስለዋል፤ በዚያ ከፍታ የምድር ስበት እዚህ ካለው ከመቶ 80 በላይ ነው። ሳተላይቷ በእውነት እየወደቀች ነው፤ በእያንዳንዱ ሰከንድ 4 ሜትር ያህል ወደ ምድር ትወድቃለች። በዚያው ሰከንድ ግን 7.5 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ሄዳለች፤ ምድር ክብ ስለሆነች በዚያ ርቀት ገጽዋም 4 ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ወድቃ ወድቃ አትደርስም። ስበት ፍጥነቷን አይጨምርም፤ አይቀንስም፤ የሚሠራው መንገዷን ማጠፍ ብቻ ነው።

ጨረቃም ከዚህ የተለየ ነገር አታደርግም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የጾምና የበዓል ቀን የሚያወጡት በ19 ዓመት ዑደት ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ቁጥሮች ከዚያ ይወለዳሉ። በ19 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ የ19 ዓመቱና የ235ቱ የጨረቃ ወራት ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። መቼም ቢሆን እንዲህ ያለ ስሌት ለጋሪ፣ ለወንዝ፣ ለነፋስ ማውጣት አይቻልም። ለጨረቃ የተቻለው በመንገዷ ላይ የሚገታት ነገር ከሞላ ጎደል ስለሌለ ነው። ከሞላ ጎደል ማለቴ የባሕር ማዕበልን አስቤ ነው። ጨረቃ የምድርን ውቅያኖሶች ስትጎትት ውሃው ከምድር ጋር ይሰባበቃል፤ በዚህ የተነሣ የምድር ሽክርክሪት በጣም በዝግታ ይቀንሳል፤ ጨረቃም በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች።

ሕጉ አንድ ትልቅ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። መቀጠል ምክንያት ካልፈለገ፣ መለወጥ ግን ሁልጊዜ ምክንያት ከፈለገ፣ የለውጥ ምልክት ባየን ቁጥር ያልታየ ነገር አለ ብለን ማሰስ እንችላለን። ዩራኑስ የተባለችው ፕላኔት ከተሰላላት መንገድ በጥቂቱ ስታፈነግጥ ለቬሪየ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ የሚጎትታት ሌላ አካል መኖር አለበት ብሎ ቦታውን በወረቀት አሰላ። በመስከረም 1846 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ጋለ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቴሌስኮፑን ወደዚያ ሲያዞር ኔፕቲዩን ከተባለላት ቦታ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ተገኘች።

ይኸው አካሄድ ከፕላኔቶች እጅግ ርቆም ሠርቷል። በኅዳር ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሱሉልታ ሜዳ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው፣ ጨረቃ ከሌለች፣ አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲ እንደ ደብዛዛ ነጠብጣብ በዓይኑ ያያታል። ብርሃኗ ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ቬራ ሩቢን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከባልደረባዋ ከኬንት ፎርድ ጋር ይህችን ጋላክሲ አጥንታ ውጤቱን በ1970 እ.ኤ.አ. አወጣች። የለካችው በመሐሏና በዳርቻዋ ያለው ነገር በምን ፍጥነት እንደሚዞር ነበር። ያለው የሚታየው ቁስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዳርቻ ያለው ከመሐሉ እየራቀ ሲሄድ መዝገም ነበረበት፤ ፕላኔቶች ከፀሐይ ሲርቁ እንደሚዘግሙት ሁሉ። ግን አልዘገመም። በዚያ ፍጥነት የሚዞር ነገር የሚያጥፈው ጉልበት ካላገኘ ቀጥ ብሎ ይበርና ጋላክሲዋን ጥሎ ይሄዳል፤ ጥሎ ስላልሄደ የሚይዘው ነገር አለ። ከሚታየው ቁስ አምስት እጥፍ ገደማ የሚሆን፣ ብርሃን የማይሰጥና የማይጋርድ ቁስ በጋላክሲዎች ዙሪያ መኖሩን ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ልኬቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ጨለማ ቁስ የሚባለው ይህ ነው።